«ዕብራይስጥን ለምን መረጥህ?» ስለሚለው መጠይቅ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘመናዊ ዕብራይስጥን ለምን እንደሚመርጡ የሚያጠኑ ጽሑፎች በአብዛኛው አንድ መልክ አላቸው። ለክፍሉ ተማሪዎች መጠይቅ ይታደላል፤ መልሱም በሁለት ይመደባል፦ ከተናጋሪው ማኅበረሰብ ጋር ለመቀራረብ የሚማሩ በአንድ ወገን፣ ለሥራ ወይም ለሌላ ጥቅም የሚማሩ በሌላ ወገን። ምደባው የሮበርት ጋርድነርና የዋላስ ላምበርት ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በሞንትሪያል ፈረንሳይኛ የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን የተመለከተ ነበር። በሞንትሪያል ፈረንሳይኛ የጎረቤት ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ «መቀራረብ» የሚለው ቃል እዚያ የሚጨበጥ ትርጉም ነበረው። ምደባው ለዕብራይስጥ ይበቃ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ አይበቃም እላለሁ።

ከአሜሪካ ኮሌጆች እንጀምር። እዚያ ዕብራይስጥ ከሚማሩት ብዙዎቹ አይሁድ ናቸው፤ አጥኚዎችም «የውርስ ቋንቋ ተማሪዎች» በሚል ስም ይጠቀልሏቸዋል። ስያሜው ከሚገልጸው የሚሸፍነው ይበልጣል። ከእስራኤል ከፈለሱ ወላጆች የተወለደ ልጅ ቋንቋውን በማዕድ ዙሪያ ሲነገር እያዳመጠ አድጓል፤ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ማንበብና መጻፍ ግን ሊያስቸግረው ይችላል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚያድጉ ብዙ የኢትዮጵያውያን ልጆች ከአማርኛ ጋር ያላቸው ዝምድናም ከዚህ አይርቅም፤ የእናታቸው ቁጣ ይገባቸዋል፣ ፊደሉ ግን ባዕድ ነው። ወላጆቹ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩ አሜሪካዊ አይሁዳዊ ብዙውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለዐሥራ ሦስት ዓመቱ ሥርዓት ሲዘጋጅ ፊደሉን ከነአናባቢ ምልክቱ አጥንቷል፤ ጸሎቱን ሳይደናቀፍ ያነባል፤ የሚያነበውን ግን አይረዳም። ዳዊት የደገመ፣ የግእዙ ምሥጢር ግን ያልተገለጠለት ሰው በኢትዮጵያ እንግዳ ስላልሆነ ነገሩ ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለቱም ተማሪዎች «ከባህሌ ጋር ለመቀራረብ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ። አንዱ የሚሻው ፊደል ነው፣ ሌላው ትርጉም። መጠይቁ እንደ አንድ ሲቆጥራቸው መምህሩ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ሁለት የተለያየ ትምህርት ማዘጋጀት ይገደዳል።

መጽሐፍ ቅዱስን በመጀመሪያ ቋንቋው ለማንበብ የሚመዘገቡም አሉ። እነዚህ «ሃይማኖታዊ ምክንያት» ተብለው ይታለፋሉ፤ የቱን ዕብራይስጥ እንደፈለጉ የሚጠይቃቸው የለም። የብሉይ ኪዳን ትረካ የሚጓዝበት «ዋዪቅቶል» የተባለው የግስ ቅርጽ ከዘመናዊው ንግግር ጠፍቷል። በሕዝቅኤል ራእይ የሚያንጸባርቅ ነገርን የሚያመለክተው «ሐሽማል» ዛሬ የኤሌክትሪክ ስም ነው። የአሜሪካ የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር ሁለቱን ዕብራይስጥ ለይቶ መቁጠሩ ተገቢ ነው። በዚሁ ቆጠራ የዘመናዊው ተመዝጋቢዎች በ2006 ከ9,000 በላይ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5,500 ገደማ ወርደዋል። ይህን ማሽቆልቆል ክፍል ውስጥ የቀሩትን በመጠየቅ ማስረዳት አይቻልም፤ የጎደሉት አልተጠየቁምና። የትምህርት ክፍል ይቀጥል ወይስ ይታጠፍ የሚለው ውሳኔ እንዲህ ባለው ማስረጃ ላይ ሲቆም ጉዳቱ ቀላል አይሆንም።

ወደ ግብፅ ስንሻገር ደግሞ «መረጥህ» የሚለው ግስ ራሱ ይፈተናል። ዕብራይስጥ በግብፅ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1979ኙ የሰላም ስምምነት በፊትም ይሰጥ ነበር፤ ዛሬም በዐይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ትምህርት ክፍል አለው። የባላንጣን ቋንቋ ማወቅ ይበጃል ብሎ የሚማር ግብፃዊ ከሁለቱ መደቦች የትኛው ውስጥ ይገባል? ተናጋሪውን በቅርብ ማወቅ ይሻል፤ መቀላቀልን ግን አይሻም። ሥራና ደመወዝም የመጀመሪያ ሐሳቡ ላይሆን ይችላል። ከዚህም በላይ፣ የትኛው ፋኩልቲ በር እንደሚከፈትለት የሚወስነው በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ውጤቱ ነው። በውጤትና በምደባ ወደ ቋንቋ ትምህርት ክፍል የሚገባ ተማሪ በኢትዮጵያም ሞልቷል። እንዲህ ያለው ተማሪ «ለምን መረጥህ?» ሲባል መልስ አያጣም፤ ከገባ በኋላ ያገኘውን ምክንያት ከመግባቱ በፊት እንደነበረው አድርጎ ይጽፋል። ይህ ውሸት አይደለም፤ የጥያቄው አቀራረብ የጋበዘው መልስ ነው።

በቀጣናችን ስለ ግእዝ፣ ስለ አማርኛ ወይም ስለ ሶማሊኛ ተማሪዎች ተመሳሳይ መጠይቅ የሚያሰናዱ ባልደረቦች የሞንትሪያሉን ቅጽ ተርጉመው ከማደላቸው በፊት ሌላ ጥያቄ ቢያስቀድሙ እመክራለሁ፦ ሲመዘገብ ተማሪው በቋንቋው ምን ማድረግ ይችል ነበር? ሌላስ የትኛው ትምህርት ክፍል ክፍት ነበረለት? ትምህርቱን አቋርጠው የሄዱትንም ስም ከሬጅስትራር ተቀብሎ መጠየቅ ከባድ ሥራ አይደለም።