የልብ ወለድ ሠራዊት ስንቅ

ደራሲ በምናቡ አገር ሲፈጥር ተራራውንና ወንዙን ለመሳል ብዙም አይቸገርም፤ ንጉሥ ማንገሥም አይከብደውም። የሚያስቸግረው ሠራዊት ማቆም ነው። ሠራዊት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድራል። የሚበላው እህል በአንድ ሰው ማሳ ላይ የበቀለ፣ የሚያድርበትም ጎጆ በአንድ ሰው እጅ የተሠራ ነው። በመሆኑም በወረቀት ላይ የተሰለፈ ጦር እውነተኛነት የሚመዘነው በሰንደቁ ብዛት ወይም በመሣሪያው ድንቅነት ሳይሆን፣ ከማን ጎተራ እንደሚቀለብ አንባቢው ማየት በመቻሉ ነው።

በዚህ መለኪያ ጎን ለጎን ሊቀርቡ የሚገባቸው ሁለት መጻሕፍት አሉ። አሜሪካዊው ፍራንክ ኸርበርት «ዱን» የተሰኘውን የሳይንስ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተመ፤ የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ቀረበ። በአቆጣጠር ልዩነት ቁጥሮቹ የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ ሁለቱ መጻሕፍት የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። የአንደኛው መድረክ በሩቅ ከዋክብት መካከል ያለች በረሃማ ፕላኔት ስትሆን፣ የሌላው መድረክ የጎጃም ገጠር ነው። «ዱን» እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2024 በፊልም ከታየ ወዲህ አድናቂዎቹ በየአገሩ በዝተዋል፤ ከታሪኩ ይልቅም ሠራዊቶቹ የወጣቱን ልብ ማርከዋል። ስለ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ሰው ይህን አድናቆት በንቀት ሊያልፈው አይገባም፤ ሊመረምረው ይገባል እንጂ።

አራኪስ የተባለችው ፕላኔት ዝናብ የማታውቅ ናት። ከአሸዋዋ የሚገኘው ቅመም ግን ዕድሜ ያስረዝማል፤ በከዋክብት መካከል የሚቀዝፉት መርከበኞችም ያለ እርሱ መንገዳቸውን አያገኙም። ስለዚህ ባለሥልጣኖቹ ዘንድ አራኪስ እንደ አገር ሳይሆን እንደ አንድ ሰፊ የሥራ ቦታ ትታያለች። ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ፋብሪካዎች አሸዋውን እየዛቁ ቅመሙን ይለቅማሉ፤ ንዝረታቸው የሚጠራው የበረሃ ትል ደርሶ እስኪውጣቸው ድረስ። በዚህች ፕላኔት ላይ ሦስት ዓይነት ጦር ይተራመሳል። የሃርኮነን ቤት ወታደሮች ለጌታቸው ይዘርፋሉ። ሳርዳውካር የሚባሉት የንጉሠ ነገሥቱ ጭፍሮች እስር ቤት በሆነች ሌላ ፕላኔት በመከራ የተቀጠቀጡ ናቸው፤ የጌታቸውን እጅ ለመሰወርም የሃርኮነንን ልብስ ለብሰው ይዋጋሉ። ፍሬመን የተባሉት የበረሃው ተወላጆች ደግሞ ላባቸውን መልሶ የሚያጠጣቸው ልብስ ለብሰው ከዋሻ ወደ ዋሻ ይንቀሳቀሳሉ።

ኸርበርት ስለ ስንቅ የማያውቅ ደራሲ አይደለም፤ ይህ ሊመሰገንለት ይገባል። የሃርኮነን ባሮን ጦሩን በመርከብ ያጓጓዘበትን ወጪ ለወንድሙ ልጅ ሲያስረዳ፣ ፕላኔቷ ለስድሳ ዓመት ያለ ርኅራኄ ብትታለብ እንኳ ወጪው በጭንቅ የሚመለስ መሆኑን ይነግረዋል። ጦርነቱ ገና ሳይጀመር ባለዕዳው የታወቀ ነው፤ እርሱም ያልተዋጋው ሕዝብ ነው። በመጽሐፉ ከተጻፉት ሁሉ የበለጠ የሚያም ነገር ግን በውጊያ ሜዳ ላይ የሚፈጸም አይደለም። በገዢው ቤት ግብዣ ሲደረግ እንግዶች እጃቸውን ታጥበው ፎጣውን መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ከፎጣው የተጨመቀው ውኃም በር ላይ ለቆሙ ለማኞች ይሰጣል። አዲሱ ገዢ ሌቶ ልማዱን ያስቀራል። አንባቢውም እነዚያን ለማኞች እንደገና ለማግኘት በከንቱ ይጠብቃል። በሺህ የሚቆጠሩ ተዋጊዎች በገጾቹ ላይ ሲመላለሱ፣ ስድሳውን ዓመት የሚከፍለው የከተማና የመንደር ሰው ስም አውጥቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ አፍ አውጥቶ አይናገርም።

ይህን መጽሐፍ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ላለ አንባቢ ብናቀርብለት፣ ቅመም ጦር እንደሚስብ ማስረዳት አያስፈልገውም። አካባቢው በበርበሬው የታወቀ ነው፤ ጤፉ፣ በቆሎውና ዳጉሳውም ከራሱ አልፎ ለሌላ ይተርፋል። ጎተራው የሞላ አገር ደግሞ መንገደኛ ሠራዊት የማያጣ አገር ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ ከሱዳን የተነሣው የጌዴዎን ጦር 15,000 ያህል ግመሎች ጭኖ በበረሃው ሲያቋርጥ ግመሎቹ በየመንገዱ ረግፈው፣ ደጋውን የወጡት ጥቂት ነበሩ። ጣልያኖች በቡሬና በማንኩሳ ምሽግ ነበራቸው። በየካቲት ወር ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍጉም ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ብርቱ ውጊያ አድርገዋል። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች የሻለቆቹን ስምና ቀኑን ይመዘግባሉ፤ በዚያ ሳምንት በመንገዱ ግራና ቀኝ የተፈጨውን እህል የመዘገበ ግን የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም ጦርነት ወደዚሁ ገጠር ተመልሶ ገብቷል። የስንቅ ጥያቄ በዚህ አገር የመጻሕፍት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲወለድ ጀምሮ ከጦር ጋር ነው። በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ በክርስቲያንና በአረመኔ ንጉሥ ሠራዊት መካከል በሚደረግ ውጊያ ይከፈታል። አገሩ የምናብ አገር ነው፤ ዘመኑም አይታወቅም። ሠራዊቱ እንደ ጎርፍ ይመጣል፣ እንደ ጎርፍም ያልፋል፤ ደራሲው የሚሹት ውጊያው ያስከተለውን ምርኮና የአንድ ቤተሰብ መበተን ነውና። የቋንቋው ውበት አይካድም። ጦሩ ግን የሚበላ ጦር አይደለም።

ሐዲስ አለማየሁ ከዚህ በተለየ ቦታ ይጀምራሉ። ትረካቸው በማንኩሳ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚያስኬደው መንገድ ላይ ባለችው መንደር፣ በቦጋለና በውድነሽ ቤት ይከፈታል። ጦር ከመምጣቱ በፊት እርሻው፣ ቤቱ፣ ስለቱና የጎረቤቱ ሐሜት አለ። አንባቢው የፊታውራሪ መሸሻን ጭፍራ ከማየቱ በፊት ጭፍራው የሚበላው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ አውቋል። ገበሬዎቹ ከልማድ በላይ የተጠየቁትን ግብር እምቢ ሲሉ ፊታውራሪው ይዘምቱባቸዋል። የዘመቻው ክፍል የሚያስቅ ነው፤ ሳቁ ግን ከንቱ ሳቅ አይደለም። ጌታው የዘመቱት በሚመግቧቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ቢያሸንፉ የሚያጠፉት የራሳቸውን ጎተራ ነው። መጨረሻው እንደሚታወቀው ነው፤ ፊታውራሪው በአበጀ በለው እጅ ይማረካሉ። በእብድነት የሚታማው ጉዱ ካሳ በረጅም ንግግሩ የሚያብራራውን ነገር፣ ይህ ምርኮ ያለ ንግግር ያሳየዋል።

ይህ ብቃት ከመጽሐፍ የተቀዳ አይመስልም። ደራሲው በጎጃም አድባራት የተማሩ፣ በሽሬ ግንባር የተሰለፉ፣ በኋላም ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በጣልያን አገር የታሰሩ ሰው ነበሩ። የኢትዮጵያ ዘማች ስንቁን ራሱ ይዞ፣ ሲያልቅበትም በባላገሩ ላይ እያደረ እንደሚዋጋ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ በሞጣና በቢቸና ገበሬው እምቢ ብሎ ተነሣ፤ መንግሥትም ወታደርና አውሮፕላን ላከበት። ዳሩ ግን በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ቀረ። ልብ ወለዱ ትንቢት ተናገረ ማለት ማጋነን ይሆናል። ይሁን እንጂ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ የጎጃም ገበሬ፣ ፊታውራሪ መሸሻን እንደ ተረት ሰው ቆጥሮ አልሰማቸውም።

ሐዲስም ቢሆኑ ከነቀፌታ አያመልጡም። አበጀ በለው ካሸነፈ በኋላ ገበሬዎቹ ከመድረኩ ገለል ይላሉ፤ ትረካውም ወደ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ፍቅር ይመለሳል። የፊታውራሪውን ግብር በስፋት ያሳየው ብዕር፣ ለአመፀኞቹ ስንቅ የሚገባውን ያህል ቦታ አልሰጠም። በጫካና በገደል የሚያድሩት እነዚያ ሰዎችም እራት ነበራቸው፤ ያንን እራት ያቀበሉት ሴቶች በትረካው ጥግ ላይ እንኳ ጎልተው አይታዩም። ይህ ጉድለት በአማርኛ የአርበኝነት ድርሰት ሁሉ የሚታይ ስለሆነ በእርሳቸው ብቻ ሊፈረድ አይገባም።

የኸርበርት ጉድለት ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ ደራሲው ራሱም ያወቀው ይመስላል። በ«ዱን» መጨረሻ ፖል አትሬይድስ ፍሬመንን አስከትሎ ንጉሠ ነገሥቱን ያንበረክካል፤ የፊልሙ ተመልካች የሚያጨበጭበውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመው ሁለተኛው መጽሐፍ ግን ጭብጨባው ይቆማል። ያ ነፃ አውጪ ሠራዊት ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ዘምቶ 61 ቢሊዮን ሰው መፍጀቱን ፖል ራሱ ከባለሟሎቹ ጋር ሲነጋገር ይጠቅሰዋል። ኸርበርት ጀግናውን እንዲህ በአደባባይ መክሰሱ ድፍረት ነው። ነገር ግን ክሱ የቀረበው በቤተ መንግሥት ውስጥ፣ በድል አድራጊው አፍ፣ በቁጥር ነው። ከ61 ቢሊዮኑ መካከል ሠራዊቱ በሩን ሲያንኳኳ የከፈተ፣ ወጥ አውጥቶ ያቀረበ፣ ወይም እምቢ ብሎ በሩን የዘጋ አንድ ሰው እንኳ በስሙ አልተጠራም። በማንኩሳ ቢሆን ቦጋለ ይባል ነበር።