በኦዳው ሥር ያልተሰማ ሙግት

የአባቶች ወግ ልጆችን ሲያስጨንቅ፥ በአንድ ቤት ያደጉ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት ይነጋገራሉ? ይህን ጥያቄ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተሙት «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በተባለው ቴአትር ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሻንካ ኡኩቲን እንዲያገባና የበኵር ልጃቸው ለሙታን አባቶች እንዲሠዋ የኦዳው ቃል ያዛል። ሻንካ ግን ልጅ እንዳይወለድ ብሎ ሚስቱን ሳይነካ ይኖራል። እናት ለመሆን የናፈቀችው ኡኩቲ ከወዳጁ ከጎአ ታረግዛለች። ጎአ የባዕዳንን እምነት የቀመሰ ሰው ነው። ሁለቱ ወዳጆች እንዲዋጉ ይፈረድባቸዋል፤ ጎአ ይሞታል፤ ኡኩቲም በምጥ ታልፋለች። በመጨረሻ ሻንካ ሕፃኑን ይዞ በተቈጣው ሕዝብ ፊት ይቆማል።

የድሬዳዋ ልጆች ለሆንን ለእኛ «ኦዳ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። በምዕራብ ሐረርጌ ኦዳ ቡልቱም አለ፤ የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት ተሰብስቦ ሕግ ያወጣበት የነበረ ሥፍራ ነው። የገዳ ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። እንግዲህ በታሪክ የምናውቀው ኦዳ ሰው ተቀምጦ የሚከራከርበት ጥላ ነው። በቴአትሩ ውስጥ ያለው ኦዳ ግን ክርክር የማይቀበል፥ ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ዛፍ ነው።

በዚህ ምክንያት ደራሲውን «ባህል አጣመሙ» ብለን ልንከስ እንችል ይሆናል። ነገር ግን ክሱ ፈራጅ ፊት የሚጸና አይመስለንም። ደራሲው ሥራቸውን የጥቁር ሕዝቦች አፈ ታሪክ ብለው ሰየሙት እንጂ የአንድ አገር ሥርዓት መግለጫ ነው አላሉም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ሙግት የሌለበት ቤት ምን ይመስላል?

ለማነጻጸር የአሜሪካዊውን የኦገስት ዊልሰንን «የፒያኖው ትምህርት» እንመልከት። ይህ ቴአትር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. በየል ታየ። ወንድም ቦይ ዊሊና እኅት በርኒስ በአንድ ፒያኖ ይጣላሉ። በፒያኖው ላይ በባርነት የኖሩ ዘመዶቻቸው መልክ ተቀርጿል። ወንድምየው ሸጦ፥ አባቶቹ በባርነት ያረሱትን መሬት ሊገዛበት ይሻል፤ እኅትየው ደም የፈሰሰበትን ቅርስ አልሸጥም ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ተመልካቹ ለአንዱ ሲፈርድ የሌላው ቃል ይይዘዋል። ቁስሉ መዳን የሚጀምረው ቁጣው በአፍ ስለ ወጣ ነው።

ሻንካ ግን እንዲህ አይከራከርም፤ የኦዳውን ትእዛዝ የሚቃወመው ከሚስቱ በመራቅ ነው። አንዳንድ አንባቢ ይህን የጀግና ትዕግሥት ይለዋል። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን፤ ሻንካ ሕፃኑን ለማዳን ሲወስን የሕፃኑን እናት አላማከረም። ከሽማግሌዎች ትእዛዝ ሸሽቶ በቤቱ ውስጥ ራሱ አዛዥ ሆነ። በእኛ አስተያየት የቴአትሩ ትልቁ ኀዘን ይህ ነው፤ ወግን የሚጠላው ሰውም የወግን ጠባይ ወርሷል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች ደግሞ በጎአ ራሳችንን እናያለን። አዲስ ቃል ተምረን ወደ ቤት ስንመለስ፥ ከእናቶቻችን ጋር ከመነጋገር ይልቅ ዝም ማለትን እንመርጣለን። ዝምታችን አክብሮት ይመስለናል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ፍርሃት ነው።

ስለዚህ በቴአትሩ ላይ ያለን ቅሬታ አንድ ነው፤ እርሱም የቋንቋው ነገር ነው። በአንድ ግቢ ኦሮምኛ፥ ሶማልኛና አማርኛ በሚሰማባት በድሬዳዋ፥ ስለ ኦዳ የሚናገር ቴአትር በእንግሊዝኛ ብቻ ቢነበብ፥ ነገሩ በይበልጥ የሚመለከታቸው እናቶችና አባቶች ከሸንጎው ውጭ ይቀራሉ። በሚያውቁት ቋንቋ ተተርጉሞ በዚህች ከተማ መድረክ ቢታይ፥ በኦዳው ሥር ያልተሰማው ሙግት ቢያንስ ከቴአትሩ በኋላ፥ በየቤታችን ይጀመር ነበር።