ጂሲሲ ሄደር የሚፈልግበት መንገድ

ደቡብ ጎንደር ውስጥ «አገሬ ጋይንት ነው» ያለ ሰው ወዲያው ይጠየቃል፦ ላይ ጋይንት ወይስ ታች ጋይንት? አንደኛው ነፋስ መውጫ ያደርሳል፣ ሌላኛው አርብ ገበያ። የሲ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ግን አይጠይቅም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሄደር ፋይሎች ቢኖሩ መጀመሪያ ያገኘውን አንስቶ ይቀጥላል። ስለዚህ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለሚመጡ የሲ ጀማሪዎች አስቀድሜ የማሳየው የፍለጋውን ቅደም ተከተል ነው።

የሄደሩ ስም በትምህርተ ጥቅስ ከተጻፈ ፍለጋው የሚጀምረው ጠሪው ፋይል ካለበት ፎልደር ነው፤ በማዕዘን ቅንፍ ከተጻፈ ይህ ይዘለላል። ቀጥሎ በትልቁ «አይ» የሰጠናቸው ፎልደሮች ከግራ ወደ ቀኝ ይታያሉ፤ የሲስተሙ ፎልደሮች መጨረሻ ላይ ናቸው።

ለልምምድ የምመርጠው የግዕዝ ፊደል የሚስል አጭር ፕሮግራም ነው፦ ፎንቱ አቢሲኒካ ኤስአይኤል፣ ላይብረሪው ፍሪታይፕ። ኡቡንቱ ላይ ኮምፓይል ሲደረግ ገና ከመጀመሪያው መስመር «ፋይሉ የለም» ብሎ ይቆማል። «ፍሪታይፕ እኮ ተጭኗል!» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። የተጫነው ግን ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ክፍል ነው፤ ሄደሮቹ የሚመጡት «ዴቭ» በሚል በሚያልቀው ፓኬጅ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህን ፓኬጅ ቀድሞ በፍላሽ መያዝ ይበጃል።

ፓኬጁ ከገባም በኋላ ስህተቱ አይለቅም፤ ሄደሮቹ ያሉት በሲስተሙ ኢንክሉድ ፎልደር ውስጥ፣ «ፍሪታይፕ2» በሚባል ንዑስ ፎልደር ነውና። ብዙዎች የጠፋውን አንድ ፋይል ኮፒ አድርገው ከኮዳቸው አጠገብ ያስቀምጣሉ። ያኔ ስህተቱ አንድ እርምጃ ብቻ ይገፋል፦ የተቀዳው ሄደር ራሱ ሌላ ሄደር ይጠራል፣ እሱም አይገኝም። ሙሉ አድራሻውን በኢንክሉዱ መስመር ላይ መጻፍም መጨረሻው ያው ነው። መሰጠት ያለበት ፎልደሩ ነው፤ እሱንም በእጅ ከመጻፍ ፒኬጂ-ኮንፊግ የተባለውን ፕሮግራም በ«ሲፍላግስ» ጠይቆ መልሱን ሜክፋይል ውስጥ ማስገባት ይሻላል። የራስን ሆም ፎልደር አድራሻ ሜክፋይል ውስጥ ጽፎ ለጓደኛ መስጠትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የእሱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎልደር የለም።

ያልገባን ነገር ካለ ፋይሉን ኮምፓይል ስናደርግ ጂሲሲን በትንሹ «ቪ» ማስኬድ ነው፤ የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች በቅደም ተከተላቸው ይዘረዝራል።

ሄደሩ ተገኝቶም «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ከመጣ ችግሩ ሊንከሩ ጋ ነው፤ «አይ» መደርደር አይፈታውም። ፒኬጂ-ኮንፊግን በ«ሊብስ» ጠይቆ፣ መልሱን ከሲ ፋይሉ ስም በኋላ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።