የሌድ ቤሊ ሸክላዎች፦ ማን ዘፈነ? ማንስ አዘፈነ?

ሰሞኑን ዶርም ውስጥ ስንከራከር አንድ ጓደኛችን «እውነተኛው ሌድ ቤሊ የወህኒ ቤቱ ሌድ ቤሊ ነው፤ ኒው ዮርክ ከገባ በኋላማ የነጮች ማዝናኛ ሆኖ ቀረ» ብሎ ደመደመ። ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቅንቀን ተስማማን። አነጋገሩ ይጥማል፤ ተራማጅም ይመስላል። እኔም ለጊዜው ዝም አልኩ። ቅጂዎቹን በተቀዱበት ቅደም ተከተል ካዳመጥኩ በኋላ ግን ፍርዱ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ ይህች ሂስ ለዚያ ጓደኛችን የዘገየች መልስ ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ሰውየው። ሃዲ ሌድቤተር፣ በቅጽል ስሙ ሌድ ቤሊ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ከጥቁር ገበሬዎች ቤተሰብ ተወለደ። ባለ 12 ክር ጊታሩን እንደ ከበሮ እየደበደበ ለጭፈራም፣ ለሥራም፣ ለጸሎትም፣ ለሕፃናትም የሚዘፍን ሰው ነበር። ጻድቅ አልነበረም። በ1918 ቴክሳስ ውስጥ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ታስሯል፤ በ1925 በአገረ ገዢው ምሕረት ወጣ። በ1930 ደግሞ ሰው በማቁሰል ሉዊዚያና ውስጥ አንጎላ የሚባለው የእርሻ ወህኒ ቤት ገባ። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገሩን ለማጣፈጥ መቸርቸርም እንዲሁ።

በሐምሌ 1933 ጆን ሎማክስና ልጁ አለን ሎማክስ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዘፈን ሊሰበስቡ አንጎላ ደረሱ። በመኪናቸው የጫኑት የመቅጃ መሣሪያ 315 ፓውንድ፣ ማለትም ከ140 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ታዲያ ምን ፈልገው ነው ወህኒ ቤት የሄዱት? ሬዲዮና ሸክላ ያልነካውን፣ «ያልተበረዘውን» የጥቁር ዘፈን። እስረኛው ከዓለም ተለይቷልና ዘፈኑም ንጹሕ ሆኖ ይቆያል ብለው አሰቡ። የጓደኛችን ፍርድ እኮ ከዚሁ ከሎማክስ ግምት የተቀዳ ነው!

ግምቱ የሚፈርሰው ደግሞ በራሱ በሌድ ቤሊ አፍ ነው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀለት «አይሪን» የተባለው ዘፈን የተቀዳው እዚያው ወህኒ ቤት ነው። ሌድ ቤሊ ከአጎቶቹ ነው የተማረው። ምንጩ ሲፈለግ ግን በ1886 ገስ ዴቪስ የተባለ ጥቁር የዜማ ደራሲ አሳትሞ የሸጠው የመድረክ ዘፈን ሆኖ ተገኘ። የገበያ ዘፈን ገጠር ወረደ፤ ቤተሰብ ወረሰው፤ ቃሉም ዜማውም ተለወጠ፤ ወህኒ ገባ፤ በመጨረሻም «ያልተበረዘ» ተብሎ ተቀዳ። ሌድ ቤሊን ታላቅ ያደረገው ንጽሕና አይደለም። ያገኘውን ሁሉ የራሱ አድርጎ መመለሱ ነው።

የወህኒ ቤቱ ቅጂዎች ጉልበት አላቸው፤ ይህን አልክድም። ድምፁ ድንጋይ ይፈልጣል። ነገር ግን መሣሪያውን የያዘው ሰው ጌታ፣ ዘፋኙ እስረኛ በሆነበት ቦታ «ነፃ ድምፅ» መፈለግ አይከብድም? በ1934 ለአገረ ገዢው ኦ. ኬ. አለን የምሕረት ልመና ዘፈን ቀድቶ ነበር። በነሐሴ ወር ሲፈታም «በዘፈኑ ተፈታ» የሚለው ተረት አገር አዳረሰ። የወህኒ ቤቱ ሹሞች ግን የተፈታው ለመልካም ጠባይ በሚሰጥ የእስራት ቅነሳ መሆኑን አስታውቀዋል። ተረቱን ማን ይተወዋል! በ1935 «የዘመን ጉዞ» የተባለው የዜና ፊልም ሌድ ቤሊን ራሱን ተዋናይ አድርጎ፣ ከሎማክስ ፊት ቆሞ ሲለማመጥ አሳየው። በግሉ ሙሉ ልብስና ቢራቢሮ ክራባት የሚወድ ሰው፣ ለተመልካች ሲባል የእስረኛ ልብስ ለበሰ። በዚያው ዓመት ከሎማክስ ጋር ተጣልቶ ተለያየ። ምን ይገርማል?

በ1935 መጀመሪያ ኤ.አር.ሲ. የተባለው የሸክላ ኩባንያ ከ40 በላይ ዘፈኖች ቀዳለት። በጊዜው ለገበያ የወጡት ግን ጥቂት ናቸው። ኩባንያው ከእሱ የፈለገው ብሉዝ ነበር፤ ለጥቁር ገዢ የሚሸጠው እሱ ነው ብሎ። የከተማው ጥቁር ወጣት ግን የሌድ ቤሊን አጨዋወት የአባቶቹ ዘመን ነው ብሎ አለፈው። ሸክላዎቹም አልተሸጡም። ለሎማክስ በቂ «ጥንታዊ» እንዲሆን የተጠየቀው ሰው፣ ለገበያው ከልክ በላይ ጥንታዊ ሆነ ማለት ነው።

ኒው ዮርክስ? በ1940 ቪክተር ኩባንያ ጎልደን ጌት ከተባሉ አራት ድምፃውያን ጋር የወህኒ ቤት ዘፈኖችን አስቀዳው። የእነሱ ድምፅ በሚገባ የተወለወለ ነው፤ የእሱ ግን ኮረኮንች። አንዳንዴ ግንድ በሐር የተጠቀለለ ይመስላል። እዚህ ላይ ለጓደኛችን ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ። ግን በ1941 ሞዝስ አሽ ባሳተመለት የሕፃናት ጨዋታ ዘፈኖች አልበም ሌላ ሰው እንሰማለን፦ የሚስቅ፣ የሚያጫውት፣ መንደሩን የሚያስታውስ። እንደ «ቡርዧ ብሉዝ» ያለውስ? በ1937 ዋሽንግተን ሄዶ ከሚስቱ ጋር ማደሪያ ሲከለከል ያወጣው ዘፈን ነው፤ ዋና ከተማይቱን በስሟ ጠርቶ ይነቅፋል። እንዲያው ይህ የነጮች ማዝናኛ የሆነ ሰው ሥራ ነው? እርግጥ የኒው ዮርክ ግራ ክንፍ አድማጭም የራሱ ጆሮ ነበረው፤ ተቃውሞ ያለበትን ዘፈን አብልጦ ይወድ ነበር። ጆሮ የሌለው አድማጭ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። በ1948 መከር ላይ ፍሬድሪክ ራምዚ የተባለ የጃዝ ጸሐፊ ሌድ ቤሊንና ሚስቱን ማርታን ቤቱ ጋብዞ፣ በዚያን ጊዜ አዲስ በነበረው ቴፕ ቀዳው። ልዩነቱ ምንድን ነው? የሸክላ አንድ ፊት ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። ዘፋኙ ዓይኑ ሰዓት ላይ ነው፤ ታሪኩን ይቆርጣል፤ ስንኝ ይዘላል። ቴፕ ግን ይጠብቃል። በዚህም ምክንያት 90 ያህል ዘፈኖች ተቀዱ። ብዙዎቹ ያለ ጊታር ናቸው፤ የእርሻ ጩኸት፣ መዝሙር፣ የድሮ ጭፈራ፣ የገበያ ዘፈን። ከሁሉ የሚያስደንቀው በዘፈኖቹ መካከል ያለው ወሬ ነው። ዘፈኑን ከማን እንደሰማ፣ ሰዎቹ ሲዘፍኑት ምን ይሠሩ እንደነበር ይናገራል። ማርታም ገባ ብላ ታግዘዋለች። እስከዚያ ድረስ ምን እንደሚዘፍን ብዙ ጊዜ ሌላው ይመርጥለት ነበር፤ እዚህ አንዱ ዘፈን ሌላውን እየጠራ ራሱ ይመራል። ድምፁ አርጅቷል፤ የአንጎላው ጉልበት የለውም። ግን ባለቤቱ እሱ ነው። ምርጫው በእጁ የገባበት ስለሆነ፣ ለእኔ የሌድ ቤሊ ዋና ሥራ ይኸው ነው።

ባለቤት አልኩ፤ ንብረቱስ? ሌድ ቤሊ በታኅሣሥ 6 ቀን 1949 ጡንቻን በሚያመነምን በሽታ ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። በዓመቱ ዊቨርስ የተባሉት ነጭ ዘፋኞች «አይሪን»ን ቀዱት፤ 13 ሳምንት የአሜሪካ አንደኛ ሆነ። እሱ ምኑንም አላየም። የደራሲነቱም ስም ከጆን ሎማክስ ጋር ተጋርቷል። የቴፑ ቅጂዎች በ1953 ታተሙ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ከእሱ ቀዳ! የእንግሊዙ ሎኒ ዶኔጋን በ1950ዎቹ፣ ኒርቫና በ1993። በ2015 ስሚዝሶንያን ፎክዌይስ 108 ቅጂዎች በአንድ ጥራዝ አወጣለት። ዛሬ ለመስማት ችግር የለም። ችግሩ አሰማማችን ላይ ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። እኛም እኮ ለመመረቂያ ጽሑፍ መቅረጸ ድምፅ ይዘን ገጠር እንወርዳለን፤ ቀረርቶና እንጉርጉሮ እንቀዳለን። አንዲት እናት ከሬዲዮ የሰማችውን ዘፈን ስትጀምር «እሱን ይተዉት እማማ፣ የድሮውን ይንገሩን» ያላልን ስንቶቻችን ነን? እኔ ብያለሁ። ያን ጊዜ መሣሪያውን አጥፍቼ የጠበቅሁት የሎማክስን ዘፈን ነበር፤ የእሳቸውን አልነበረም። የሚቀጥለው ተመራቂ ቴፑን ባያጠፋው ደስ ይለኛል።