አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ሕመሞች፦ የአይፓስ ጥናት ሲመዘን

በሳንባ ካንሰር ምርምር ብዙ ከተጻፈባቸው ተቀባይ ፕሮቲኖች አንዱ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ነው። ይህ ፕሮቲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ ከውጭ የሚደርሰውን የዕድገት መልእክት ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ታይሮሲን ካይኔዝ የተባለው የውስጥ ክፍሉ በዘረመል ለውጥ ሲዛባ ግን መልእክት ሳይደርሰው እንኳ ሕዋሱን ያባዛል። ጄፊቲኒብ ይህን ክፍል የሚያግድ ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሲፈቀድ ማንን እንደሚጠቅም በውል አልተለየም ነበር፤ የዘረመል ለውጡ የተገለጸው በ2004 ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመው አይፓስ፣ ሲጋራ ያላጨሱ ወይም ቀደም ሲል በጥቂቱ ያጨሱ 1217 የምሥራቅ እስያ የአዴኖካርሲኖማ ሕሙማንን ይዞ፣ ጄፊቲኒብን ከካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ጋር አወዳደረ። ዋናው መደምደሚያ ጄፊቲኒብ ይበልጣል የሚል ሲሆን፣ ማስረጃውም 0.74 የሆነ የመባባስ አደጋ ምጣኔ ነው። ይህ አኃዝ ብቻውን ሲነበብ ያሳስታል። ሕመሙ ሳይባባስ የቆየበት ሚዲያን ጊዜ በጄፊቲኒብ 5.7 ወር፣ በኬሞቴራፒ 5.8 ወር ነበርና። መጀመሪያ ኬሞቴራፒው ይመራል፤ ኋላ መስመሮቹ ተሻግረው ክኒኑ ይቀድማል። ይህን በአንድ ምጣኔ መግለጽ ለረጅምና ለአጭር ሰው በአማካይ ቁመት አንድ ልብስ እንደ መስፋት ነው።

የጥናቱ እውነተኛ ዋጋ ያለው በንዑስ ትንተናው ውስጥ ነው። ለውጡ ካለባቸው ሕሙማን ለጄፊቲኒብ ምላሽ የሰጡት 71.2 በመቶ፣ ለኬሞቴራፒ 47.3 በመቶ ናቸው። ለውጡ ከሌለባቸው ደግሞ 1.1 በመቶ ብቻ ለጄፊቲኒብ፣ 23.5 በመቶ ለኬሞቴራፒ ምላሽ ሰጡ። ይህን ያህል የከበደ ልዩነት የተገኘው ግን የምርመራ ውጤት ካላቸው 437 ሕሙማን ብቻ መሆኑ የጥናቱ ጉልህ ድክመት ነው፤ የሌሎቹ፣ የሁለት ሦስተኛ ያህሉ፣ ሁኔታ አልታወቀም። በ2011 የወጣው የመጨረሻ ዘገባም በአጠቃላይ በሕይወት የመቆየት ልዩነት አላሳየም፤ ብዙዎቹ ሕመሙ ሲባባስ ሕክምና ቀይረዋልና ይህ እምብዛም አያስደንቅም።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ሌላ አኃዝ ነው። ከ437ቱ ለውጡ የተገኘባቸው 261 ናቸው። መድኃኒቱ ይጠቅማቸዋል ተብለው በጥንቃቄ ከተመረጡት መካከል እንኳ ከ10 ሰዎች 4ቱ ያህል ለውጡ አልነበረባቸውም። ስለዚህ የዘረመል ምርመራ በሌለበት፣ ታማሚዋ አለማጨሷን ብቻ አይቶ ክኒኑን ማዘዝ፣ ለውጡ ለሌለባት ሴት የሚሠራውን ኬሞቴራፒ መንፈግ ይሆናል። ውጤቱ እስኪታወቅ ኬሞቴራፒ መጀመር ይቻላል፤ ናሙናውን ግን ከመጀመሪያው ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሳንባ ሽፋን ውስጥ ከተጠራቀመ ፈሳሽ የተገኙ ሕዋሳትም በፓራፊን ተቀብረው ከቆዩ ለዚሁ ምርመራ ሊውሉ ይችላሉ።