ጭረት የማያውቅ እጅ

መኪና በደንብ መታጠቡን ለማወቅ ከላቫጆ ሲወጣ ማየት አይበቃም። እርጥብ ነገር ሁሉ ያብረቀርቃል። ከደረቀ በኋላ ረፋድ ላይ ጎንበስ ብሎ ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ ያረፈችበትን ቦታ ማየት ነው። በብርሃኑ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ካሉ፣ ያ መኪና ታጠበ ከሚባል ተፋቀ ቢባል ይሻላል። የጎረቤቴ አሮጌ ቀይ ኮሮላ ዲኤክስ ላይ ግን ፀሐይዋ ጥርት ያለች አንዲት ነጥብ ናት።

ሰውዬው የሚያጥቡት ግቢያቸው ውስጥ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ነው። መጀመሪያ ጎማውንና ቸርኬውን ለብቻቸው በተለዩ ባልዲና ብሩሽ ይጨርሳሉ፤ ከፍሬን ሸራ የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ ወደ ቀለሙ እንዲደርስ አይፈልጉም። ቀጥሎ ውሃ ብቻ፣ ከጣሪያው ወደ ታች። እጃቸው ገና መኪናውን አልነካም። አቧራው ርሶ በራሱ እስኪወርድ ይጠብቃሉ፤ የአዲስ አበባ የግንባታ አቧራ ደረቁን ከተጠረገ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሆነው።

ሁለት ባልዲ ይቀርባል፤ አንዱ የመኪና ሻምፑ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ጠጉራሙን ጓንት ሻምፑው ውስጥ ይነክሩና አንድ በር ያጥባሉ፤ ከዚያ በንጹሑ ውሃ አለቅልቀው እንደገና ይነክራሉ። ስፖንጅ አይወዱም፤ ፊቱ ዝርግ ስለሆነ አሸዋውን ቀለሙ ላይ ይዞ ይጎትተዋል፤ የጓንቱ ጠጉር ግን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ባልዲ ቅንጦት ይመስላል፣ ነገር ግን ቱቦ ከፍቶ ከማፍሰስ እጅግ ያነሰ ውሃ ነው የሚፈጀው። የማለቅለቂያው ባልዲ ሥር የሚዘቅጠውን ደቃቅ አሸዋ ያየ ሰው ደግሞ ክርክር አያነሳም።

አንድ ቀን የሚያግዛቸው የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ ትንሽ ዱቄት ሳሙና ጣል ባደርግበትስ? አረፋው ይበዛል» አላቸው።

«አረፋውስ ይበዛል ልጄ፤ ሰሙን ግን ይዞት ይሄዳል።»

የማድረቁ ሥራ ነው ይበልጥ የሚያስደስተኝ። የቱቦውን መርጫ ነቅለው ውሃውን በዝግታ ጣሪያው ላይ ይለቁታል። ውሃው ሳይበታተን ተያይዞ ይወርድና አብዛኛውን ጠብታ ይዞት ይሄዳል። የቀረውን የሚያነሳው የማይክሮፋይበር ፎጣ ነው። ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጣል፤ አንዱ ሲረጥብ ይገለብጡታል። አይፈትጉም፤ አሳርፈው ያነሱታል። ፎጣው መሬት ከነካ የዚያን ቀን ሥራው አበቃ።

ሰም ከመቀባታቸው በፊት እጃቸውን ስስ ፌስታል ውስጥ ከተው ኮፈኑን ይዳብሱታል። ባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራ ነገር በፌስታሉ ውስጥ ይታወቃል። ሻካራ ካለ ቦታውን በሻምፑ ውሃ አርጥበው፣ ሰው ሠራሹን የማጽጃ ሸክላ ሳይጫኑ ያንሸራትቱበታል። ፖሊሽ የሚነኩት ግን ከስንት አንዴ ነው። የዘመናዊ መኪና ቀለም ላይ የሚለበጠው ግልጽ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። የእሳቸው ኮሮላ ደግሞ ያ ሽፋን ጭራሹኑ የለውም። ፖሊሽ ሲደረግ ጨርቁ ቀይ ይሆናል፤ ያ ቀይ የመኪናው ቀለም እንጂ እድፍ አይደለም። በየወሩ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው በየወሩ ከቀለሙ እየቀነሰ ነው።

ሰሙ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ነው፤ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ፀሐይ ላይ የቆመ ኮፈን በቀላሉ አያሸንፈውም። ጥቁሩን የመስኮት ጎማ ሰም እንዳያነጣው አስቀድመው በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑታል። አቀባባቸው ስስ ነው፣ ካላጎነበሱ የተቀባውና ያልተቀባው አይለይም። ሰም ወፍራም ሲቀባ ውበት አይጨምርም፤ በየስንጥቁ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል እንጂ። ጥቂት ቆይተው ጣታቸውን አንድ ጊዜ ያሳልፉበታል፤ ጣቱ ጥርት ያለ መስመር ካወጣ ደርቋል፣ ይጠረጋል።

ለቤቱ የመኪና ማጠቢያ ዕቃ ሊገዛ ለተነሳ ሰው የምለው፣ ገንዘቡ ካጠረ ከውድ ሰም ይልቅ ብዙ ጥሩ ፎጣ ይግዛ። ክሩስኮት የሚያብለጨልጨውን ቅባት እዚያው ሱቁ ይተወው፤ የፊት መስታወት ላይ ነጸብራቅ ይሠራል፣ አቧራም ይሰበስባል። መስታወቱ ቲንት ካለው ደግሞ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አይግዛ፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል።

ጎረቤቴ ፎጣዎቹን የሚያጥቡት ከጥጥ ልብስ ለይተው፣ ያለ ልብስ ማለስለሻ ነው፤ ማለስለሻው ክሮቹን ደፍኖ ውሃ መምጠጥ ያስተዋቸዋል። ለቸርኬ የተመደቡት ጫፋቸው ላይ ጥቁር ክር ተሰፍቶባቸዋል፤ የሚሰጡትም በሌላ ገመድ ላይ ነው።