ተማሪው ራሱ የሚቀባው ስላይድ

የሕክምና ተማሪ ላቦራቶሪ ገብቶ የወባ ስላይድ በገዛ እጁ ሲያዘጋጅ ማየት እጅግ ደስ ይለኛል። ከጣት ጫፍ የተወሰደው ደም በመስታወቱ አንድ ጎን በወፍራሙ፣ በሌላው ጎን በስሱ ይቀባል። ስሱ ሜታኖል ይነካዋል። ወፍራሙን ግን አይነካውም፤ በጊምሳ ሲቀለም ቀይ የደም ሕዋሶቹ ፈርሰው ጥገኛ ተሕዋሲው ጎልቶ እንዲታይ ነው። ወፍራሙ ወባ መኖር አለመኖሩን፣ ስሱ ደግሞ ዓይነቱን ይናገራል። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ አብረው በሚገኙባት አገራችን ዓይነቱን መለየት ትልቅ ጉዳይ ነው፦ የመጀመሪያው ፈጥኖ ሊገድል ይችላል፤ ሁለተኛው ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ለዚህም ፕሪማኩዊን የተባለው መድኃኒት ያስፈልጋል።

«የላቦራቶሪ ባለሙያ እያለ ሐኪሙ ለምን ይደክማል?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ቢያንስ 100 የእይታ መስክ አንድ በአንድ ሳያስስ «አልተገኘም» ማለት እንደማይቻል ያየ ተማሪ፣ ያ ቃል የስንት ሰው ዓይንና ትዕግሥት እንደሆነ ያውቃል። ጥገኛው በደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን ሊያመልጥ እንደሚችልም ያውቃል። ነገ ትኩሳቱ አልለቅ ያለው ሕሙም ፊቱ ሲቀመጥ ወረቀቱን ብቻ አይቶ አያሰናብተውም፤ ምርመራው እንዲደገም ያዛል፣ ሲያጠራጥረውም ላቦራቶሪ ሄዶ ባለሙያውን ያማክራል።